የወንድሜ በርሜልና የእናቴ ድስት

አንድ እሑድ ማታ የቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ፎቶ ገባ። የላከው ኖርዝ ካሮላይና፣ ሻርሎት ከተማ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ነው። ሰፊ መክተፊያ ላይ ውጪው ከሰል የመሰለ ትልቅ ሥጋ ተቀምጧል፤ የተከፈተው ጎኑ ግን ቀላ ያለ፣ በጣት የሚፈተል፣ ስቡ የሚያብረቀርቅ። እማዬ መነጽሯን አድርጋ አየችና «ውይ ልጄን፣ እጁን ይባርከው! የምን ሥጋ ነው?» አለችኝ። የምን እንደሆነ አውቅ ነበር። «የበግ ነው» አልኳት።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ማርኬቲንግ ላይ ነው የምሠራው፤ ነገርን በሚወደድ ስም መጥራት እንጀራዬ ነው። ያን ዕለት ያደረግሁት ግን ተራ ውሸት ነበር። እማዬ የልጇን ሙያ ለማኅበርተኞቿ ሁሉ አወራች። ከሁለት ሳምንት በኋላ በስልክ «ያንን የበግ ሥጋ እንዴት አድርገህ ነው የሠራኸው?» ብላ ስትጠይቀው፣ ከመሃል የገባውን ውሸት የማያውቀው ወንድሜ ሳቀና «የምን በግ? የአሳማ ወርች ነው እንጂ እማ» አላት።

ስልኩን ለእኔ አቀብላኝ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት ሲደውል «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ከማለት ሌላ አልጨመረችለትም። ከእኔ ጋርም ቢሆን ቶሎ አልታረቀችም።

በእኛ ቤት አሳማ እንደማይበላ ለአብዛኞቻችሁ መንገር አያስፈልገኝም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ ሰኮናው ስንጥቅ ቢሆንም አያመሰኳም ተብሎ ከተከለከሉት እንስሳት አንዱ ነው፤ ግድግዳ ለግድግዳ የምንዋሰናቸው ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም አይበሉትም። ለእማዬ ግን ነገሩ ከሕግም በላይ ነው። ሥጋ ቤታችን የሚገባው በስመ ሥላሴ ተባርኮ፣ ከጎረቤት ጋር ተካፍሎ፣ ጾም ተፈቶ ነው። ልጇ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የወጣ መሰላት።

ወንድሜ መሪን ለቆ የሄደው በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ባቡሩ ሥራ በጀመረበት ሰሞን ነው። አባታችን በ2013 ሲያርፍ የወረቀት ጉዳዩ ስላላለቀ መምጣት አልቻለም። እሱ በሚኖርበት የኖርዝ ካሮላይና ክፍል የአሳማ ወርች በሂከሪ እንጨት ጢስ ቀስ ብሎ ማብሰል ትልቅ ነገር ነው። ሌክሲንግተን የምትባለው ትንሽ ከተማ ስሟ የሚነሳው በዚሁ ነው። ወርች የተመረጠው በጅማትና በስብ የተሞላ ስለሆነ ነው፤ በፍጥነት ከጠበሱት ጫማ ይሆናል፣ 10 እና 12 ሰዓት ከታገሡት ግን ጅማቱ ቀልጦ ሥጋውን ያረጥበዋል። አንድ የሥራ ባልደረባው እሳት አያያዙን አስተማረው። ይህን ያህል ብቻ ነበር የማውቀው።

ለ2017 ፋሲካ መጣ። እማዬ ቦሌ ላይ አቅፋው አለቀሰች፤ ስለ ሥጋው አንድ ቃል አልወጣትም። ከመምጣቱ በፊት የንስሐ አባቷን አነጋግራ ነበር፤ ምን እንደተባባሉ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። በሰሙነ ሕማማት መሃል ወንድሜ ብየዳ ቤት ሄዶ በርሜል አስቆርጦ፣ ማጠፊያ አስበይዶ፣ ውስጡን ደግሞ በእሳት አቃጥሎ አጽድቶ ግቢ ውስጥ አቆመው። «የፋሲካ ማግስት የበሬ ወርች አጥንላችኋለሁ» አለ። እማዬ በርሜሉን ዞራ አየችውና «ከቤት ራቅ አድርገው» ብላ ገባች።

ችግሩ ወርቹን ማግኘት ነበር። በሠፈራችን የማኅበር ቤቶች በየዓመቱ ቅርጫ እንገባለን። የቅርጫ ሕግ እኩልነት ነው፤ ከሻኛው፣ ከታላቁ፣ ከጎድኑ፣ ከፍሪምባው፣ ከጨጓራና ከጉበቱ ለየመደቡ እየተቆረጠ ይደረደራል፣ ከዚያ ዕጣ ይወጣል። ማንም ተነስቶ «እኔ ይኼንን ብልት ብቻ» አይልም። ወንድሜ ግን አንዱ ወርች ሳይቆራረጥ ከነአጥንቱ እንዲተውለት ጠየቀ። ቢላዋ የያዙት ጋሼ ቀና ብለው እማዬን አዩ። ድሮ በዚያ ቦታ ቢላዋ ይዞ የሚያከፋፍለው አባዬ ነበርና እኔ በሐፍረት መሬት መሬት አየሁ። እማዬ ነጠላዋን አስተካከለችና «የእኛን የሁለት መደብ ሻኛና ጭቅና እናንተ ተካፈሉት። ወርቹን ተዉለት፤ ዘጠኝ ፋሲካ ድርሻውን አልወሰደም» አለች።

ቅልጥሙ ከታች ተቆርጦ ለሌሎች ሲደርስ ለእኛ ከነትከሻ አጥንቱ ሰባት ኪሎ ገደማ ቀረልን።

ሥራውን ለመሞከር የምትፈልጉ ካላችሁ እንዳየሁት ልንገራችሁ። እሑድ ማታ ሥጋውን ጨውና የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ብቻ በደንብ አሽቶ ፍሪጅ ውስጥ አሳደረው። ጨው ወደ ውስጥ የሚዘልቀው በጊዜ ነው፤ ጠዋት አድርጋችሁ ወዲያው እሳት ላይ ብትጥሉት ላይ ላዩን ብቻ ይቀራል። ሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ከሰሉን በበርሜሉ አንድ ጎን አቀጣጠለ፣ ሥጋውን በሌላው ጎን አስቀመጠ። እሳቱ በፍጹም ከሥጋው ሥር አይሆንም። የበርሜሉ ሙቀት ከ110 እስከ 120 ዲግሪ መካከል እንዲቆይ አየር መግቢያውን እየከፈተና እየዘጋ ይጠብቃል። (ይህን ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ አታስቡት። የከሰል ጢስ ጎረቤት ከማስቀየም አልፎ በተዘጋ ቦታ ሰው ይገድላል።)

እንጨቱ ላይ ክርክር ተነሳ። ከግቢያችን ቀና ስትሉ የምታዩት የየካና የእንጦጦ ተራራ ባህር ዛፍ ነው፤ በምኒልክ ዘመን ከመጣ ወዲህ የአዲስ አበባን ምድጃ የያዘው እሱ ነው። ወንድሜም የባህር ዛፍ ፍልጥ አዘጋጅቶ ነበር። እማዬ ጋቢዋን ተከናንባ በዚያ ጨለማ ብቅ አለች። «በባህር ዛፍማ ሥጋውን የጉንፋን መድኃኒት ልታደርገው ነው» አለችውና ከጓዳ አንድ እቅፍ የወይራ እንጨት አወጣችለት። ለጠላ ጋን ማጠኛ ከሾላ ገበያ ገዝታ ያስቀመጠችው ነው። ያደገችው ሰንዳፋ አካባቢ፣ የወተት እቃ በወይራ በሚታጠንበት ቤት ነው። ጢስ የትኛው እንደሚጣፍጥና የትኛው እንደሚመር ከእሷ በላይ የሚያውቅ በቤታችን የለም። ሥጋው በራሱ ስብ እንደሌለውም ያየችው እሷ ናት። የአሳማ ወርች ስቡን ይዞ ይመጣል፤ የእኛ አገር በሬ ግን ከሲታ ነው፣ ለሰዓታት ጢስ ላይ ሲቆይ ይደርቃል። ሞራውን አምጥታ እንደ ነጠላ ደረበችለት።

እስከ እኩለ ቀን ሁሉ ነገር ወንድሜ እንዳለው ሄደ። በሥጋው ውስጥ የተሰካው ቴርሞሜትር 68 ላይ ሲደርስ ለሁለት ሰዓት ያህል ቆመ። «አትደንግጡ፣ እያላበው ነው» አለን። ሰው ሲያልበው እንደሚቀዘቅዘው ሥጋም ከላዩ ውኃ በሚተንበት ጊዜ ሙቀቱ ባለበት ይቆማል፤ እርጥበቱ ሲቀንስ እንደገና ይወጣል። ወጣም። ቀን 8 ሰዓት ላይ 91 ደረሰ። እሱ የሚጠብቀው 95 ነው፤ ካሮላይና ላይ ወርች «ደረሰ» የሚባለው እዚያ ነው። 91 ላይ ግን በድጋሚ ቆመ። ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት። ከሰል ጨመረ። ቴርሞሜትሩን አውጥቶ አራግፎ መልሶ ሰካው። እንግዶች መምጣት ጀመሩ፤ ቅርጫው ላይ ፊታቸውን ያጠቆሩትም ጭምር። ወንድሜ ላብ በላብ ሆኖ «እዚያ እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም» ይላል። የሁለት መደብ ሻኛ የተከፈለበት ሥጋ ሲደርቅ ቁጭ ብዬ እያየሁ ነው።

10 ሰዓት ሲሆን እማዬ ከሴቶቹ መሃል ተነስታ መጣች። አጥንቱን በጨርቅ ያዘችና ወዘወዘችው። እንደ ላላ ጥርስ ተንቀሳቀሰላት። «በስሏል፤ አጥንቱ ለቋል እኮ። ምን እየጠበቅህ ነው?» አለች።

«95 አልሞላም፣ እማ።»

«አጥንቱ ለቋል አልኩህ።»

አወጣው። በስሎ ነበር፤ እንዲያውም ጫፍ ጫፉ ከሚገባው በላይ ቆይቶ ደርቋል። ምክንያቱን ማታ ስናወራ ደረስንበት። ውኃ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ባሕር ጠለል አካባቢ ነው። መሪ ከ2,400 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ሥጋ ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው፤ እርጥበቱ እስካለ ድረስ 95 የሚባል ቁጥር አይነካም። የካሮላይናን ቁጥር ቢጠብቅ ኖሮ ሥጋው ከሰል ይሆን ነበር። እናንተም የውጭ አገር የማብሰያ መጽሐፍ ይዛችሁ ባቄላው አልበስል፣ ቅቅሉ አልላላ ካላችሁ ከዚሁ ቁጥር የተነሳ ሊሆን ይችላል።

ተበላ። ወንድሜ በአቼቶና በበርበሬ የበጠበጠውን የዚያ አገር ማጣፈጫ አቀረበ፤ ሁሉም ቀምሶ ወደ አዋዜው ዞረ። ቢላዋ የያዙት ጋሼ ሦስት ጊዜ ጨመሩ። እማዬ አንድ ጉርሻ በላችና «ወይራው ደህና ነው» አለች። ሌላ አልተናገረችም።

የተረፈውን ሥጋና አጥንት ሳይውል ሳያድር ፍሪጅ አስገባነው። ረቡዕ ጠዋት እማዬ አጥንቱን አወጣች። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ የማይጾም ረቡዕ ነው። ሥጋ የተጣበቀበት፣ ጫፉ የጠቆረ፣ ወይራ ወይራ የሚሸት ትልቅ አጥንት። በመዶሻ ሁለት ቦታ ሰበረችው፣ በቀዝቃዛ ውኃ ጥዳ ቀስ እያለ ለአራት ሰዓት ያህል እንዲንተከተክ ተወችው። (ፕሬዠር ኩከር ካላችሁ በአንድ ሰዓት ተኩል ትጨርሳላችሁ፤ ከላይ የነገርኳችሁን የ92 ዲግሪ ችግር የሚፈታው እሱ ነው፣ እንፋሎቱን ስለሚያፍን ሙቀቱን ከፍ ያደርገዋል።) ከዚያ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና እርድ አቁላልታ፣ አድሮ የራሰ የአተር ክክ ጨመረችበት፤ በተራ ውኃ ፋንታ የአጥንቱን መረቅ እያፈሰሰች አበሰለችው። ጨው እስከ መጨረሻው አልነካችም፤ አጥንቱ በራሱ ጨዋማ ነው። ሊወጣ ሲል ቃሪያ ሰነግ አድርጋ ጣለችበት።

ወንድሜ አንዴ ጎረሰና እጁ ቆመ። «እማ፣ እዚያም እኮ ከወርቹ በሚተርፈው አጥንት የአተር ክክ ነው የሚሠሩት» አለ። አፉን መያዝ አያውቅም።

እኔ ወሬ ለመቀየር አፌን ስከፍት እማዬ በእጇ ከለከለችኝ። «በአሳማው አጥንት?» አለችው። ያን ስም ስታነሳ የሰማኋት የዚያን ዕለት ነው።

«አዎ።»

«ክክ ጢስ ይወዳል» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር። ትንሽ ቆይታ «መቼ ነው ያስተማሩህ?» አለችው።

ያን ጊዜ ነገራት። የአባዬን መርዶ የሰማው ሥራ ቦታ ነው። ቤቱ ብቻውን መግባት ፈርቶ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ያ ባልደረባው አገኘው። ጓሮው ወሰደው፣ እሳት አነደደ፣ ወርች ጣለ። ያገሩን የለቅሶ ሥርዓት ስለማያውቅ ምንም አላለም። ሌሊቱን ሙሉ እሳቱን እየቆሰቆሱ አብረው ተቀመጡ። ሲነጋ ቆርጦ አበላው። «አልበላም ማለት አልቻልኩም፣ እማ። እዝን ነው ብዬ ነው የበላሁት» አላት።

ይህን እኔም ሰምቼ አላውቅም ነበር። እማዬ ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ዕንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና «ልጆች አሉት ሰውየው?» ብላ ጠየቀች። ሁለት አሉት። ወንድሜ ሲመለስ ሻንጣው ውስጥ እንደ ሁልጊዜው በርበሬና ሽሮ ነበር። ከጎኑ ለብቻው የታሰረ አንድ ኪሎ ሚጥሚጣና የተነቀሰ ትንሽ የእንጀራ ሌማት ልብስ ነበረበት፤ የሰውየው ድርሻ ነው።

በርሜሉ አሁንም ግቢያችን ውስጥ አለ። ባለፈው በሠፈሩ ሦስት ቤት ተዋሱት፤ ባህር ዛፍ እንዳያነዱበት እማዬ ራሷ ሄዳ ነው የምትቆጣጠረው። ያልተፈታልን ነገር የቅርጫው ነው፤ ለመጪው ፋሲካ ወርች ከነአጥንቱ እንፈልጋለን ያሉ ሰዎች አራት ደርሰዋል፣ በሬ ደግሞ ወርቹ ሁለት ብቻ ነው።

ወንድሜ ባለፈው ቅዳሜ በቪዲዮ ደውሎ ድስት አሳየን። ክክ ነው፣ መሃሉ ላይ ትልቅ አጥንት ጉብ ብሏል። እማዬ መነጽሯን ፈልጋ አደረገች። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፣ አራቀች፣ እንደገና አስጠጋች። እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር። የምን አጥንት እንደሆነ አልጠየቀችውም።

«እርዱን አሳንሰሃል» አለችው።