በሲሪንቃ የሚያልፈው ጀልባ

ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ መንገድ ጥቂት እንደ ተጓዙ፥ መርሳ ሳይደርሱ፥ ሲሪንቃ ትገኛለች። በስተምዕራብ ተራራው ቆሞ ይታያል፤ በስተምሥራቅ ምድሩ ወደ ቆላው እያዘቀዘቀ ይወርዳል፤ በመኸርም ጊዜ ማሽላው ከሰው ቁመት በልጦ መንገዱን ግራና ቀኝ ያጥረዋል። ባሕር የላት፥ ወደብ የላት፤ ስለዚህ በዚህ ስፍራ ስለ ጀልባ መናገር ምን አመጣው የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም።

ነገር ግን ካርታ ዘርግቶ ለተመለከተ ሰው ነገሩ ግልጥ ነው። ከጣና አጠገብ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚወርደው መንገድ፥ ከደሴው መንገድ ጋር ተገናኝቶ በሲሪንቃ፥ በመርሳ፥ በውርጌሳና በውጫሌ አልፎ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። እኛም በሲሪንቃ ቁርሳችንን በልተን ስንነሣ፥ ባለ ሞተር ጀልባ የተጫነበት ተጎታች በመኪና ሲሳብ አገኘንና እስከ ውኃው ዳር ድረስ ተከተልነው።

በሐይቅ ዳር ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም፥ አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዓመት ያስተማሩበት፥ ቀድሞ ደሴት ነበረ፤ ውኃው ስለ ሸሸ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዞ በእግር ይገባበታል። ውኃ የሸሸበት ዳር ደግሞ ላዩ ደረቅ ሲመስል ውስጡ ጭቃ ነውና፥ ለጀልባ ማውረጃ የሚሆነው ድንጋይ የያዘው ስፍራ ብቻ ነው።

ባለ ጀልባው መኪናውን ሲያቆም፥ በዳር ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቀርበው፥ «ልጄ፥ ይህች ጀልባ ከየትኛው ውኃ ወጣች?» ሲሉ ጠየቁት። «ከጣና ናት፥ አባቴ፤ ታጥባ ሳምንት ሙሉ በፀሐይ ደርቃለች» አላቸው። ሽማግሌው በቃሉ ብቻ አላመኑም፤ እጃቸውን ወደ ጀልባዋ ሆድ ሰድደው ወለሉን ዳሰሱ፥ የተጎታቹንም ብረት ጎንበስ ብለው ተመለከቱ፤ ከዚያ በኋላ፥ «ይሁን፥ አውርዳት» አሉት።

የጠየቁበት ምክንያት እምቦጭ ነው። ይህ ሐምራዊ አበባ ያለው የውኃ አረም የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፥ በአገራችን በ1958 ዓ.ም. ገደማ በቆቃና በአዋሽ ታየ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በጣና ተገኘ፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ሺህ ገበሬ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል እንደ ዋለ ሁሉም ያውቃል። ቁራጩ ብቻውን ይበቅላል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቅ፥ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የሌለው ውኃ ነው፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ የተጨመረበት የቆሮሶ ዓሣም የብዙ ቤት እንጀራ ሆኗል። በሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ስላለ፥ የማሽላው ጠላት አቀንጭራ ዘሩ እንደ ትቢያ ደቆ ከማሳ ወደ ማሳ እንዴት እንደሚሻገር የአገሩ ገበሬ አሳምሮ ያውቀዋል፤ የእምቦጭንም ነገር ለእርሱ ማስረዳት ብዙ አያደክምም።

ወደ ማውረዱ እንመለስ። ከውኃው ራቅ ባለ ደልዳላ ስፍራ ዕቃው ተጫነ፥ በጀልባዋ ሆድ ያለው የውኃ ማፍሰሻ በውታፍ ተደፈነ፥ የኋላው ጠፍር ተፈታ፤ የፊተኛው ማሰሪያ ግን እስከ መጨረሻው አይፈታም። ከረዥም መንገድ የጋለ ጎማም ጥቂት ሊበርድ ይገባዋል፤ የጋለ ኩሽኔታ በድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ሲያገኝ ውኃውን ወደ ውስጥ ስቦ ቅባቱን ያበላሻልና። ከዚያ ነጂው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ተጎታችም ግትር ነው፥ መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር እርሱ ወደ ግራ ይሄዳል። ነጂያችን ሦስት ጊዜ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ተመለሰ፤ የተሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ ደግሞ አስተማሪ ሆነበት። ልጆች ወደ ተጎታቹ ኋላ ሲሮጡ ሽማግሌው ገሥጸው መለሷቸው፤ በቁልቁለት ላይ ፍሬን የከዳው መኪና ሰው አይለይም። በመጨረሻም ከመኪናው ጎማ ሥር ድንጋይ ተደገፈ፥ አንድ ሰው ገመዱን ጨብጦ ቆመ፥ ጀልባዋም ተንሳፈፈች።

ማውጣቱ ይበልጥ ከባድ ነው። ተጎታቹ በውኃ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚቆም ጀልባዋ መካከሉን ስታ ልትወጣ ትችላለች፤ ነፋስ ካለ ደግሞ ጎኗን ይመታታል። ፊቷ ከታሰረ በኋላ ቀስ ብሎ ተስቦ፥ ውታፉ ተነቅሎ፥ ውኃው እዚያው በወጣበት ዳር እንዲፈስ ይደረጋል። የጣና ሰዎችም ከደንገል የሠሩትን ታንኳ ሥራ ሲጨርሱ አውጥተው አቁመው ያደርቁታል፤ ውኃ የጠጣ ደንገል ይከብዳልና ይበሰብሳል።

በመንገድ የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። ከጣና የሚመጣ ጀልባ ባለቤት፥ አቧራ ያዘኝ ብሎ በሲሪንቃ ወንዝ ላይ ጀልባውን ሊያጥብ ያምረው ይሆናል። ይህን አያድርግ፤ ወንዙ ወደ ቆላ ይወርዳል፥ በታችም ውኃውን በመስኖ የሚጠልፉ ገበሬዎች አሉ። ጀልባ የሚታጠበው ከወጣበት ውኃ ዳር፥ እዚያው በጣና ነው።