ቬትስላር፦ የላይካ ከተማ

ቬትስላር በጀርመን አገር በላን ወንዝ ዳር ትገኛለች። ግንባታው ሳያልቅ በቀረው ካቴድራሏ ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች ከተሐድሶ ዘመን ጀምሮ በጋራ ያመልኩበታል። (ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል!)

ከተማዋን ያስጠራት ግን ካሜራ ነው። የላይትስ ፋብሪካ ባለሙያ የነበረው ኦስካር ባርናክ አስም ስለነበረበት ከባዱን የዘመኑን ካሜራ ተሸክሞ መውጣት አቃተው። ስለዚህ በ1914 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የሲኒማ ፊልም የሚጎርስ ትንሽ ካሜራ ሠራ። በ1925 ላይካ ተብሎ ለገበያ ቀረበ። የብዙዎቻችን የሠርግ ፎቶ የተነሣበት የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የተስፋፋው በዚሁ ካሜራ ነው።

እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን የባለቤቱ የኤርንስት ላይትስ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ከያዙ በኋላ ላይትስ አይሁዶችን እየቀጠረና ሙያ እያስተማረ ወደ ኒው ዮርክ ይልክ ነበር። ሴት ልጁ ኤልዚ በ1943 አንዲት አይሁዳዊት ወደ ስዊዘርላንድ እንድታመልጥ በመርዳቷ በጌስታፖ ታሰረች። ያው ፋብሪካ ግን በጦርነቱ ጊዜ ከዩክሬን በግዳጅ የመጡ ሴቶችን ያሠራ ነበር፤ ኤልዚም ኑሯቸው እንዲሻሻል ትሟገትላቸው ነበር። ቤተሰቡ ስላደረገው እርዳታ ለብዙ ዓመታት በአደባባይ አላወራም።