አሮጌው መቅጃ

ከሰኞ ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ክርክር አለ። ተከራካሪዎቹ አባባ፣ ታናሽ ወንድሜና እኔ ነን። የሚያከራክረን ከቴሌቪዥኑ ስር የተቀመጠው መቅጃ ሪሲቨር ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቀይ መብራቱ ብልጭ ይልና ዝም። አባባ ገመዱን ይነቅላሉ፣ እስከ ሃያ ይቆጥራሉ፣ መልሰው ይሰኩታል። አንዳንዴ ይነሣል። አንዳንዴ ሃያው መቶ ሃያ ይሆናል።

ወንድሜ ጉዳዩን በአንድ ቃል ጨርሶታል፦ «ይጣል»። ድራማው ዩቲዩብ ላይ አለ፣ ኳሱ ቴሌግራም ላይ አለ፣ ዜናው ስልክ ላይ ነው፤ ኮልፌን ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና ብታስሱ ከአባባ በቀር ከቴሌቪዥን የሚቀዳ ሰው አታገኙም ይላል። እውነቱን ነው። (ዳታው ሲያልቅበት ግን የሚበደረው ከእኔ ነው።)

እኔ ደግሞ መሐል ሰፋሪ ነበርኩ። አዲስ ይገዛ፣ ኤችዲ የሚያነሣ፣ የሚቀዳም፣ ኢንተርኔትም ያለው። ገበያ ወጥቼ ጠየቅሁ። ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው አይጨበጥም፤ አንዱ ሻጭ ጠዋት የነገረኝን ከሰዓት አልደገመልኝም። ቢሆንም ልገዛ ቆርጬ ነበር። ያስቆመኝ ሌላ ነገር ነው።

መጀመሪያ አሮጌውን ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ክዳኑን ከፍቶ በእስክሪብቶው ጫፍ ሁለት ካፓሲተሮች አሳየኝ፤ አናታቸው እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ ብሏል። የመብራቱ ከፍ ዝቅ መጀመሪያ የሚበላው እነሱን ነው፤ ሲያረጁ ሪሲቨሩ ለመነሣት የሚበቃ ጉልበት አያገኝም። «ይሄ የሰላሳ ደቂቃ ሥራ ነው» አለኝ፤ «ግን ምን ያደርግልሃል? ኤችዲ አያነሣ።»

አያነሣም። የእኛው የሚያውቀው ምስል የሚታመቅበትን የድሮውን ዘዴ፣ ኤምፔግ 2ን ብቻ ነው። ኤምፔግ 4 የሚጠቀም ጣቢያ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይመጣል፣ ምስሉ ጨለማ ነው። አባባ እነዚህን ጣቢያዎች «ሬዲዮ» ይሏቸዋል። ቁጥራቸው በየዓመቱ ይጨምራል።

ይህ ሳጥን ግን ያላየው የለም። በ2012 ዓ.ም. ጣቢያዎቻችን ናይልሳትን እየለቀቁ ኢትዮሳት ወደምንለው፣ ኤንኤስኤስ 12 የተባለው ሳተላይት ላይ ወዳለው ቤታቸው ሲገቡ በሕይወት ነበር። ከዚያ በፊት የሰፈራችን ዲሽ ሁሉ 7 ዲግሪ ምዕራብን ፍለጋ ፊቱን ወደ ወጨጫ ተራራ አዙሮ ይውል ነበር። በአንድ ሰሞን ሁሉም ዞሮ 57 ዲግሪ ምሥራቅን ሊያይ ቀና አለ፤ ሳተላይቱ ከአናታችን ብዙም ስለማይርቅ አንጋጠጠ ማለት ይቀላል። ዲሽ የሚያዞሩ ልጆች ከጣሪያ ጣሪያ ሲዘሉ፣ ከታች ያለው ሰው በመስኮት «መጣ! ሄደ! መጣ!» እያለ ሲጮህ ክረምቱ ገባ። ጎረቤታችን ያለው ትልቁ ሳህን ከዚያ ወዲህ ዝናብ ያጠራቅማል። ወፎች ይጠጡበታል።

ወደ ነገሬ። ወንድሜ አንድ ቀን ሳይነግረን ሪሲቨሩ የሚቀዳበትን ሃርድ ዲስክ ነቅሎ ጓደኛው ቤት አዲስ ሪሲቨር ላይ ሰካው። ሪሲቨሩ አነበበ አነበበና ጠየቀ፦ ፎርማት ላድርግ? ወንድሜ፣ እግዜር ይስጠው፣ እጁ ሪሞቱ ላይ ቀረ። በኋላ እኔም ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ አየሁት፤ ፋይሎቹ ስማቸው ይታያል እንጂ አይከፈቱም። ሪሲቨሩ የቀዳው በራሱ ቋንቋ ነው፤ የሚያነብለትም እሱው ብቻ። ሳጥኑ ሲሞት ውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ ይሞታል ማለት ነው።

ውስጡ ያለው ምንድን ነው? አብዛኛው እርባና የለውም። ያለቁ ድራማዎች፣ ግማሽ ፊልም፣ ከሰባት ዓመት በፊት የተተነበየ የአየር ሁኔታ። ከዚያ መሐል ግን ጥቅምት 4 ቀን 2005 አለ። እሑድ ነበር። ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን መጥተን አዲስ አበባ ስታዲየም 2 ለ 0 አሸነፍን፤ ከሜዳችን ውጪ ባገባናቸው ጎሎች ብልጫ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ። ሪሲቨሩ ፋይሉን በመጠን ስለሚቆርጠው አዳነ ያገባው አንደኛው ላይ፣ ሳላዲን ያገባው ሁለተኛው ላይ ነው፤ በመሐሉ ጥቂት ሰከንዶች ጠፍተዋል። አባባ የአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻውን ልጆች ያስቀሩልን ጨዋታው ሳይጀመር ብዙ ቀድመው ነው፤ እንዳያመልጣቸው ፈርተው። ጎሎቹ ዩቲዩብ ላይ ሞልተዋል። ከጎሎቹ በፊት የነበረው ፍርሃት ግን፣ ከተማው በሙሉ ትንፋሹን ውጦ የተቀመጠበት ያ ረጅም ሰዓት፣ እኔ ፈልጌ አላገኘሁትም።

አባባ ይህን የመቅዳት ነገር ከየት አመጡት ለሚል ጥፋተኛው እኔ ነኝ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ አባባ ተስፋዬ ፕሮግራም ላይ ከተቀመጡት ሕፃናት አንዱ ነበርኩ። ሦስተኛው ረድፍ፣ ከግራ ሁለተኛ፣ የተበደርኩት ሹራብ ለብሼ። ተስፋዬ ሳህሉ ቴሌቪዥናችን ከተከፈተበት ከ1957 ጀምሮ ለ42 ዓመት ሕፃናትን ሲያወጉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ፊት መቀመጥ በሰፈር ሹመት ነው። ቤታችን ዴክ አልነበረም። ዴክ ያላቸው ጎረቤታችን ካሴት አዘጋጅተው፣ አባባም እዚያው ሄደው፣ ቁልፉን ሊጫኑ ጣታቸውን እንደደገኑ ሰፈሩ መብራት ጠፋ። ሲመጣ የእንግሊዝኛ ዜና ነበር።

አባባ በሁለተኛው ዓመት ዴክ ገዙ። ለምን እንደገዙ አልተናገሩም፤ እኛም አልጠየቅንም። መስከረም 15 ቀን 1993 ኃይሌ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ሲቀድም የእኛ ዴክ እየዞረ ነበር። ካሴቱ ዛሬም ሣጥን ውስጥ አለ፤ ዴኩ ግን ክር መብላት ከጀመረ ቆየ። እንዲህ ያለ ማጫወቻ በዓለም ላይ የመጨረሻ ሆኖ ይሠራ የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ምርቱን ያቆመው በ2008 መጨረሻ ነው። አንዱን መሣሪያ ገና ሳንለምደው ሌላው እየተካው፣ በተካው ቁጥር ደግሞ አንድ ሣጥን ሙሉ ዕቃ ከማይከፈቱት ጋር እየተደመረ እዚህ ደርሰናል።

አባባ ተስፋዬ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ሲያርፉ ቴሌቪዥኑ የድሮ ቁርጥራጮች አሳየ። ያን ሰሞን ሥራ ገብቼ ስወጣ ሦስተኛ ረድፍ ስፈልግ ከረምኩ። የእኔ ቀን አልነበረበትም። ጣቢያ የራሱን ሥራ ሁሉ ያስቀምጣል ብሎ ማመን የዋህነት ነው። ቢቢሲ እንኳ በፈረንጆቹ 1960ዎቹና 70ዎቹ የቪዲዮ ቴፕ ውድ ስለነበር የራሱን ፕሮግራሞች ጠርጎ በላያቸው ሌላ ቀድቷል፤ ዶክተር ሁ ከተባለው ተከታታይ የጠፉት ክፍሎች ድምፃቸው ዛሬ የተረፈው ተመልካቾች ሳሎናቸው ውስጥ በቴፕ ስለቀዱት ነው።

ስለዚህ ወስኛለሁ። አዲሱን አልገዛም፤ ቢያንስ አሁን። ካፓሲተሮቹ ተቀየሩ፣ ሪሲቨሩ አንዴ ሲነካ ተነሣ። ከቀይ፣ ነጭና ቢጫው ገመድ ወደ ላፕቶፕ የሚያስገባ ትንሽ መቀበያ ከመርካቶ አመጣሁ። አንድ ሰዓት ለማውጣት አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም፤ ቁጭ ብሎ እያጫወቱ ነው የሚቀዳው። ዲስኩ ሲጠናቀቅ ስለ አዲሱ እናወራለን። ወንድሜ ይህን «ሬሳ መገነዝ» ይለዋል፤ ትናንት ማታ ግን ከሱዳኑ ጨዋታ ፊት አልተነሣም። ሁለቱ ፋይሎች በሚገናኙበት፣ ምስሉ ዘልሎ ሲያልፍ፣ አባባ «እዚህ ጋ ውርወራ ነበር» አሉ።

ዛሬ ጠዋት ሪሲቨሩ ትክክል ይሠራ እንደሆነ ሊፈትኑ ቀጠሮ ሊይዙለት ተቀመጡ። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ግድግዳው ላይ በእጃቸው የጻፉት፣ በፕላስተር የተለጠፈ፣ ጠርዙ ቢጫ የሆነ ወረቀት አለ፦ የማታ 1 ሰዓት 19፣ 2 ሰዓት 20፣ 3 ሰዓት 21። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው ወረቀቱ ላይ ወርደው 20 ላይ ቆሙ።

«ለጥንቃቄ ከሩብ ጉዳይ ልጀምረው» አሉና፣ ስንት ብለው እንደሚጽፉ እኔን ጠየቁኝ።