እረፍት ፍለጋ ወደ ጀጎል

ምስጋና ሁሉ ለዓለማቱ ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ይሁን።

ውድ አንባብያን! ይህን የጉዞ ማስታወሻ የምንጽፍላችሁ አገር አየን ለማለት አይደለም። ከቤታችን የጠፋ አንድ ነገር ነበር፤ እርሱን ስንፈልግ ያየነውን ልናካፍላችሁ ብለን ነው።

መርካቶ ውስጥ አነስተኛ ሱቅ አለን። ጧት 1 ሰዓት ከፍተን ማታ 2 ሰዓት እንዘጋለን። ከዚያም በኋላ የዱቤው መዝገብና ስልኩ ተከትለውን ቤት ይገባሉ። ዐስርን «ይህ ደንበኛ ይሸኝ» እያልን እስከ ወቅቱ መጨረሻ እናዘገይ ነበር። ዒሻን እያንቀላፋን እንሰግዳለን፤ ሱብሒም አንዳንዴ ያመልጠናል። ራስ ምታቱ አልለቅ አለን፤ በትንሽ በትልቁ መቆጣት አመጣን። የ9 ዓመት ልጃችን ሱረቱል ሙልክን በቃሉ ይዞ እንድናዳምጠው ሦስት ሳምንት ለመነን። እኛም «ነገ፣ ኢንሻአላህ» እያልን አሳለፍነው። አንድ ምሽት እናቱን «አባባ ነገ የሚለው የትኛውን ነገ ነው?» ብሎ ሲጠይቃት ከመጋረጃው ኋላ ሆነን ሰማን። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። ያን ታላቅ ቃል ለካ ማምለጫ አድርገነው ኖሯል።

ሐረር የሚኖሩ አንዲት አክስት አሉን። በየዒዱ «መቼ ነው የምትመጡት?» ይሉን ነበር። በማግስቱ ሱቁን ለወንድማችን አደራ ብለን ለአራት ቀን ተነሣን።

ከአዲስ አበባ ሐረር በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሳይነጋ ተሳፍረን አዳማንና አዋሽን ካለፍን በኋላ ወደ ጨርጨር ተራሮች ወጣን። በተራሮቹ መካከል የስልኩ መስመር ሲቋረጥ መጀመሪያ ተቅበጠበጥን። ጥቂት ቆይተን ግን ልጆቹ በመስኮት የሚያሳዩንን ግመልና የማሽላ ማሳ ማየት ጀመርን። በመንገድ ላይ ዙህርና ዐስርን አሳጥረንና አጣምረን ሰገድን። ዲናችን ለመንገደኛ ሸክሙን አቅልሎለታል፤ ራሳችንን ያለ ቅጥ የምናደክመው እኛው ነን።

ጀጎል የሚባለው ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን እንደተሠራ ይታወቃል። አስማዲን በሪ፣ በድሮ በሪ፣ ሱቁጣጥ በሪ፣ አርጎ በሪና አሱም በሪ የሚባሉ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። ለመኪና መግቢያ የሆነው ስድስተኛው ኋላ የተከፈተ ነው። 48 ሔክታር ብቻ በሆነው በዚህ ግቢ ውስጥ 82 መስጊዶች እንዳሉ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ከተማዋን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ገልጿል። ስለዚህ አዛን የሚሰማው ከአንድ አቅጣጫ አይደለም፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀበለዋል፤ ከተማው በሙሉ የሚጣራ ይመስላል።

አክስታችን በር ላይ ተቀበሉን። በሐረሪ ቤት ጫማ በደጅ ይወልቃል። ጫማችንን ስናወልቅ እጃችንን አዩና «ስልኩንም እዚያው አኑረው ልጄ፤ ሁለቱም የውጭ አቧራ ይዘው ነው የሚገቡት» አሉን። ሳቅን፤ ግን አኖርነው። ውስጡ ነደባ የሚባሉ ከፍ ዝቅ ያሉ አምስት መቀመጫዎች አሉት፤ ግድግዳው በስፌት ሥራዎች ተሸፍኗል። ቴሌቪዥን የሚያይ ሳይሆን ፊት ለፊት የሚተያይ ሰው እንዲቀመጥበት የተሠራ ቤት ነው። እኛም ከልጆቻችን ጋር ከተያየን መቆየታችንን ያወቅነው እዚያ ነው።

በማግስቱ ልብስ ሰፊዎች ወደሚሠሩበት ወደ መኪና ግርግር ሰፈር ሄድን። የመንገዱ ስም የመጣው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው ይላሉ። የዙህር አዛን ሲሰማ አንድ አዛውንት እግራቸውን ከመኪናው አንሥተው ጨርቁን እንደተያዘ ተዉት። «ደንበኛው አይሄድብዎትም?» አልናቸው። «ስፌቱ ይጠብቀኛል፤ የሰላቱ ወቅት ግን አይጠብቀኝም» አሉንና ለውዱእ ተነሡ። እኛ በየቀኑ የምናደርገው የዚህን ተቃራኒ ነበር።

ጀጎልን ጀነት አስመስለን ልንነግራችሁ ግን አንሻም። ከተማዋን የውሃ እጥረት ለረጅም ዘመን ሲፈትናት ኖሯል። ከሰዓት በኋላም ብዙ ወጣት በጫት ዙሪያ ሲቀመጥ አይተናል። ጫት ድካምን ቢያስረሳ ለጊዜው ነው፤ ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶ ዕዳውን ያስከፍላል። ከድካም መሸሽና ማረፍ አንድ አይደሉም።

አክስታችን ኑሮ ሳይከብዳቸው ቀርቶ አይደለም ረግተው የሚኖሩት። አፎቻ የሚባል የመረዳጃ ማኅበር አላቸው፤ ሰርግም ሐዘንም ሲመጣ በጋራ ይሸከሙታል። «አንተ ግን ሁሉን ለብቻህ ተሸክመህ ለአላህም ለቤትህም አልተረፍክም» አሉን። ከዚያም የሰልማንና የአቡ ደርዳእን ታሪክ አነሡልን። አቡ ደርዳእ ቀን እየጾመ ሌሊት እየቆመ ቤተሰቡን ረስቶ ነበር። ሰልማን ለእንግድነት መጥቶ አብሮት አስበላው፤ ሌሊቱንም እስከ መጨረሻው ክፍል እንዲተኛ አደረገው። ጌታም፣ ነፍስም፣ ቤተሰብም ሐቅ እንዳላቸው ነገረው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የሰልማንን ንግግር እውነት ነው ብለው አጸደቁት። በዒባዳ ምክንያት እንኳ የቤተሰብ ሐቅ ካልቀረ በሱቅ ምክንያት እንዴት ይቀራል?

በሦስተኛው ምሽት ከመግሪብ በኋላ ልጃችን ነደባው ላይ ተቀምጦ ሱረቱል ሙልክን አሰማን። አጋማሹ ላይ ሲደርስ ተደናቀፈና ቀና ብሎ አየን። እናርመው ዘንድ አፋችንን ከፈትን፤ ቃሉ አልመጣልንም። በልጅነታችን በቃላችን የያዝነው ሱራ ጠፍቶብናል። ያረሙት አክስታችን ናቸው። ልጁ ጨርሶ እጃችንን ሲይዝ ዓይናችን እንባ ሞላ። በሱረቱ ረዕድ 28ኛው አንቀጽ የልብ እርጋታ በአላህ ዚክር እንደሚገኝ ተነግሮናል። እኛ ግን እርጋታውን በሌላ ቦታ ስንፈልግ ከርመናል።

ከተመለስን ወዲህ የሱቃችን መዝጊያ ለዐስር ሰላት 20 ደቂቃ ይወርዳል። መዝገቡ ከሱቅ አይወጣም። ከዒሻ በኋላ ወሬ ሳናበዛ እንተኛለን፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻ በኋላ ማውራትን አይወዱም ነበር። ሐሙስ ማታ ከልጃችን ጋር ሱረቱል ሙልክን እንከልሳለን፤ አሁን አስተማሪው እርሱ ነው። አንድ ሁለት ደንበኛ ቀርቶብናል፤ ሪዝቃችን ግን አልቀረም፣ አልሐምዱ ሊላህ።

ወንድሞችና እኅቶች! ሁሉም ሰው ሐረር መሄድ አይችልም፤ ግድም አይደለም። ጫማ በሚወልቅበት ደጃፍ ስልክን ማኖር ግን በየቤታችን ይቻላል። አርፋችሁም ድካሙ ወይም እንቅልፍ ማጣቱ ካልለቀቃችሁ ሐኪም አማክሩ፤ መታከምም ሱንና ነው።

አላህ በጊዜያችን በረካ፣ በቤታችን ሰኪና ያድርግልን። አሚን።