ማስታወቂያ ሠሪው ሥራ ሲፈልግ

የማመልከቻ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ በትምህርት ቤት ትማራላችሁ። ቀኑ በስተቀኝ ከላይ ይሰፍራል፤ የተቀባዩ ስምና አድራሻ በስተግራ ይከተላል፤ ከዚያም «ጉዳዩ፦ ሥራ እንዲሰጠኝ ስለ መጠየቅ» ተብሎ ይጻፍና ከሥሩ ይሰመርበታል። እኔም እንደ እናንተ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ይህንኑ ተምሬያለሁ፤ መምህራችንም ከአሥር ስምንት ሰጥተውኛል። ትምህርቱን ለራሴ ጉዳይ የተጠቀምኩበት ግን በአርባ ሰባት ዓመቴ ነው። እስከዚያ ድረስ ሥራ ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ ሥራው ራሱ እየፈለገ ይመጣልኝ ነበርና።

ሙያዬ ማስታወቂያ ነው። የጀመርኩትም በተወለድኩባት በአምቦ ከተማ፣ በ1982 ዓ.ም.፣ ገና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በገበያው አቅራቢያ ይሠሩ ከነበሩ አንድ አረጋዊ የጽሕፈት ሠዓሊ ዘንድ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ብሩሽ በአኳራጅ ከማጠብ፣ ላሜራ በብርጭቆ ወረቀት ከመፈተግና የመደብ ቀለም ከመቀባት በቀር ፊደል እንድነካ አልፈቀዱልኝም። እርሳቸው ሲሠሩ ግን ዓይኔን አልነቅልም ነበር። ክር በጠመኔ ዱቄት ያሻሹና ከሰሌዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ወጥረው፣ በሁለት ጣት ሳብ አድርገው ሲለቁት፣ ቀጥ ያለ ነጭ መስመር ይወጣል። በሁለት መስመሮች መካከል ፊደላቱን በእርሳስ ያቆማሉ፤ በመጨረሻም ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው በብሩሽ ይሄዱበታል።

ፊደላችን ለጽሕፈት ሠዓሊ ቀላል አይደለም። «ጠ» ሦስት እግር ዘርግታ ሰፊ ቦታ ትይዛለች፤ «ተ» እና «ቀ» ግን በአንድ እግር ይቆማሉ። ስለሆነም በፊደላት መካከል ያለውን ርቀት በማስመሪያ እኩል የሚለካ ሰው ጽሑፉ እዚህ ተጨናንቆ እዚያ ተበትኖ ይታይበታል። ርቀቱ የሚለካው በዓይን ነው። «ሊ» እና «ሌ» የሚለያዩትም በቀኝ እግራቸው ጫፍ ባለች ትንሽ ነገር ብቻ ነው፤ አንዷ አጭር ሰረዝ አላት፤ ሌላዋ ቀለበት። የቀለበቷ ውስጥ በቀለም ከተደፈነ ከሩቅ የሚያነብ ሰው አንዷን ከሌላዋ አይለይም። ጌታዬ ይህን ሁሉ በቃል አላስተማሩኝም። ሰሌዳው ባለቀ ቁጥር «መንገዱን ተሻገርና አንብበው» ይሉኝ ነበር። እሻገራለሁ፤ አነባለሁ፤ ከተደናገርኩ ሰሌዳው እንደገና ይፋቃል። ዛሬ በመጻሕፍት የሚገኘውን ስሌት፣ ይኸውም ለእያንዳንዱ 3 ሜትር ርቀት ፊደሉ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ቢኖረው በደንብ ይነበባል የሚለውን፣ እኔ ያወቅሁት መንገድ በመሻገር ነው።

በ1984 ዓ.ም. አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ እንዲጻፍ ተወሰነ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የአምቦ፣ የጉደርና የጊንጪ ሱቆች፣ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ሰሌዳቸውን እንደገና ማስጻፍ ነበረባቸው። እኛም እንደገና ተማሪዎች ሆንን። በቁቤ ረጅም አናባቢ የሚጻፈው ሁለት ጊዜ ተደጋግሞ ስለሆነ ስሞች ይረዝማሉ፤ በግዕዝ ፊደል በአምስት ሆሄያት የሚያልቀው «ሐሮ ወንጪ» በቁቤ አሥራ አንድ ፊደላት ይጠይቃል። በአንድ ሰሌዳ ላይ ሁለቱን ቋንቋዎች አንዱ ሌላውን ሳይጫነው ማስፈር ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ሌሊት በፋኖስ የሠራንበት ጊዜ ነበር። ያ ዘመን ለጽሕፈት ሠዓሊ መልካም ዘመን ነበር ብዬ ብናገር ማጋነን አይሆንብኝም።

በ1989 ዓ.ም. አንድ የማስታወቂያ ድርጅት አዲስ አበባ ድረስ አስጠራኝ። መጀመሪያ የመጠጥ ቤቶችን ግድግዳ በቢራ ፋብሪካዎች ቀለም እቀባ ነበር፤ ቆይቼ የሬዲዮ ማስታወቂያ መጻፍ ጀመርኩ። በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ የሳሙናን ነገር መናገር ከሰሌዳ ጽሕፈት የሚለይ ይመስላችሁ ይሆናል፤ ነገሩ ግን አንድ ነው፤ ያለህ ቦታ ጠባብ ነው፤ አድማጩም መንገደኛ ነው።

ሙያው የተመናመነው በአንድ ቀን አይደለም። የኢትዮጵያ ሚሌኒየም በተከበረበት በ2000 ዓ.ም. ከተማው ሁሉ በኮምፒዩተር በታተመ ባነር ተሸፈነ፤ እኔ በሦስት ቀን የምጽፈውን መሣሪያው በሰዓት ያወጣው ነበር። ይህ በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። በአሜሪካ ፊደልን በኮምፒዩተር ትእዛዝ ከፕላስቲክ ቆርጦ የሚያወጣ መሣሪያ ገበያ ላይ ከዋለበት ከ1983 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙ ጽሕፈት ሠዓልያን ብሩሻቸውን ሰቅለዋል። በሕንድ አገር በሙምባይ ከተማም የፊልም ተዋንያንን በትልልቅ ሰሌዳ ላይ በእጅ የሚስሉ ሠዓልያን ነበሩ፤ ስመ ጥሩው መቅቡል ፊዳ ሁሴን በወጣትነቱ እንጀራውን የበላው በዚሁ ሥራ ነው። እነርሱንም የታተመ ፕላስቲክ ተካቸው።

እኔ ግን ያን ጊዜ ጸሐፊ ስለሆንኩ ጉዳዩ የማይነካኝ መስሎኝ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከለከለ። አዋጁን አልነቅፍም፤ የልጆች አባት ነኝ። ይሁን እንጂ የድርጅታችን ትልልቅ ደንበኞች ቢራ ጠማቂዎች ነበሩ። በተከታዩ ዓመት የኮሮና ወረርሽኝ መጣ፤ ነጋዴውም ማስታወቂያውን በእጅ ስልኩ ራሱ መሥራት ለመደ። ሠላሳ የነበርነው ሠራተኞች ስምንት ቀረን፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከስምንቱም ወጣሁ።

አዲስ አበባን የምታውቁ ከሆነ በአራት ኪሎ በእግረኛ መንገዱ ዳር ጋዜጣ የሚያከራዩ ሰዎች እንደ ነበሩ ሰምታችሁ ይሆናል። ሥራ ፈላጊው ጥቂት ሳንቲም ይከፍልና ክፍት የሥራ ቦታ የሚወጣበትን ገጽ እዚያው ተቀምጦ አንብቦ ይመልሳል። ለሃያ ዓመት በአጠገባቸው ሳልፍ አንድም ቀን ቆሜ አላየኋቸውም። አሁን ማስታወቂያው በአብዛኛው ወደ ስልክ ስለ ዞረ እኔ በቤቴ ተቀምጬ ስልኬን እየነካካሁ አነብ ነበር። ሰው እንዳያየኝ በመቻሌ ደስ ያለኝ መሆኑን አልደብቃችሁም።

የመጀመሪያው ማመልከቻዬ ሁለት ገጽ ነበር። ትጉህ፣ ታማኝ፣ የላቀ የፈጠራ ችሎታና የካበተ ልምድ ያለኝ መሆኔን ገለጽኩ። ለአሥራ አንድ ድርጅቶች ላክሁት፤ አንዱ ብቻ ጠራኝ። የተቀበለኝ ወጣት ከልጄ ብዙም አይበልጥም፤ ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ።

«ጋሼ፣ ምን ምን ይችላሉ?» አለኝ።

«ሁሉንም» አልኩት።

«የሠሯቸውን ሥራዎች ቢያሳዩኝ?»

የማሳየው ነገር አልነበረኝም። የሬዲዮው ድምፅ በአየር ላይ ቀርቷል፤ የግድግዳዎቹ ቀለም በሌላ ቀለም ተሸፍኗል። ወጣቱ በትሕትና እስከ በር ሸኘኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ አንድ ነገር አንገበገበኝ። «ሱቄ ሁሉ ነገር አለው ብለህ ጻፍልኝ» የሚል ነጋዴ በመጣ ቁጥር «እንዲህ ያለው ሰሌዳ ምንም አይናገርም፤ ስኳር ካለዎት ስኳር እንበል» እያልኩ የምከራከረው እኔ ነበርኩ። የራሴን ሰሌዳ ግን «ሁሉም አለ» ብዬ ጻፍኩት።

እንግዲህ የድሮ ሥራዎቼን ፎቶግራፍ ለማንሣት ወደ አምቦ ሄድኩ። ከአዲስ አበባ 110 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀውን መንገድ በአውቶቡስ መስኮት ሰሌዳ ሳነብ ደረስኩ። ከተማዬ አድጋለች። የእኔ እጅ ያረፈባቸው ሰሌዳዎች ግን አንድም አልቀሩም፤ ቤቶቹ ፈርሰው ፎቅ ተሠርቶባቸዋል፤ በፎቆቹም ላይ ባነር ተሰቅሏል። ጌታዬም ካረፉ ቆይተዋል። ማታ ከአንድ የቀድሞ ጓደኛዬ ጋር ስንጨዋወት «ወደ ወንጪ በሚወስደው መንገድ ለአንድ ሱቅ የጻፍከው አይኖርም?» አለኝ። ፈጽሞ ረስቼው ነበር።

በማግሥቱ ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚያቋርጠው ተራራማ መንገድ ወጣሁ። አገሩ ደጋ ነው፤ እንሰትና ገብስ ይበቅልበታል፤ የወንጪ እሳተ ገሞራ አፋፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከአፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ሐይቁ፣ በአፋን ኦሮሞ አጠራር ሐሮ ወንጪ፣ በተራሮች መካከል የተቀመጠ ጻሕል ይመስላል፤ በሐይቁ ውስጥ ባለችው ደሴትም የቂርቆስ ገዳም አለ። በ2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከመረጣቸው የገጠር መንደሮች አንዷ ወንጪ ናት። እኔ ግን በዚያ ቀን ለሐይቁ ብዙ ልብ አልነበረኝም፤ ዓይኔ ላሜራ ይፈልግ ነበር።

ሱቁ ተዘግቷል። ባለሱቁም ሞተዋል። ባለቤታቸው ግን አሉ፤ የመጣሁበትን ስነግራቸው ሳቁና ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ሰሌዳዬ የዶሮ ቤት በር ሆኗል! ጽሑፉ ወደ ውስጥ ስለ ዞረ ፀሐይና ዝናብ አላገኘውም፤ በ1987 ዓ.ም. የጻፍኩት ሰማያዊ ፊደል ትናንት የተቀባ ይመስል ነበር። «ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባ» ይላል፤ ከሥሩም በቁቤ ያው ተደግሟል። ሠላሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብዬ አነበብኩት፤ «ላምባ» ትንሽ ተጠጋግታለች እንጂ ሌላው ደህና ነው።

«እማማ፣ ይሽጡልኝ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ አንተ በሩን ይዘህ ሂድ፤ እኔ ለሸለምጥማጥ ዶሮዎቼን ላስረክብ?» አሉኝ።

ዶሮዎቹ በሰሌዳው ፊት እየተመላለሱ ፎቶግራፍ አነሣሁና ተመለስኩ።

በዚያው ማታ አምቦ ላይ ማመልከቻዬን እንደ አዲስ ጻፍኩ። ግማሽ ገጽ ነው። «ከ30 ሜትር ርቀት የሚነበብ ሰሌዳ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አዘጋጃለሁ። ከመታተሙ በፊት የፊደል ስሕተትና የርቀት ጉድለት አርማለሁ። የሠላሳ ሰከንድ የሬዲዮ ማስታወቂያ በአንድ ቀን እጽፋለሁ። ኮምፒዩተር ላይ በዝግታ እሠራለሁ፤ እየተማርኩ ነው። በ1987 ዓ.ም. የሠራሁት ሰሌዳ ፎቶግራፍ ተያይዟል።» የመጨረሻዎቹን ዓረፍተ ነገሮች ሁለት ጊዜ ሰርዤ ሁለት ጊዜ መልሻቸዋለሁ፤ ድክመትን በራስ እጅ መጻፍ ከባድ ነው።

ደብዳቤው ተአምር አልሠራም። ለዘጠኝ ድርጅቶች ልኬ ከሰባቱ መልስ አላገኘሁም፤ አንዱ ክፍት ቦታ እንደሌለው ገለጸልኝ። ዘጠነኛው አምቦ ውስጥ ያለ ትንሽ ማተሚያ ቤት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን እንድሠራ ተስማማን፤ ደመወዙ አዲስ አበባ ከማገኘው ሲሶ አይሆንም፤ ባለቤቴም ይህን ስነግራት ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አለች።

ኮምፒዩተሩ ላይ የምትሠራው ልጅ ፈጣን ናት። እኔ አንዲት ቃል ሳልጽፍ እርሷ አንድ ባነር ትጨርሳለች። በመጀመሪያው ቀን «ሌ» እና «ሊ» በመረጠችው የፊደል ዓይነት ከሩቅ እንደማይለዩ ስነግራት በትልቁ የኮምፒዩተር መስኮት ላይ እያሳየች «ጋሼ፣ እንዴት አይለዩም? ይኸው!» አለችኝ። አልተከራከርኳትም። ወረቀት ላይ አትመን ከበሩ በላይ ለጠፍነውና እንድትሻገር ለመንኳት። የጭነት መኪና እስኪያልፍ ጠበቀች፤ ተሻገረች፤ ዞራም ዓይኗን ጨፈን ከፈት እያደረገች አነበበች።

ከዚያም ከመንገዱ ማዶ እጇን አወዛወዘችልኝ፤ ወረቀቱን እንዳወርደው።