መንታ ከዋክብትና የደከመ ዓይን

በአገራችን ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ስለ ትውልድና ስለ ጠባይ ከጠየቁ በኋላ «ኮከባቸውስ ይገጥማል ወይ?» ማለታቸው የቆየ ልማድ ነው። ይህ አነጋገር የባልና የሚስትን ጉዳይ እንጂ የሰማይን ጉዳይ የሚመለከት አለመሆኑን ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ኮከብ ከኮከብ ጋራ በእውነት መግጠሙንና አለመግጠሙን ለማወቅ ሌሊታቸውን በመለካት የሚያሳልፉ ሰዎች አሉ። እኛም በቀን በመምህርነት፥ በሌሊት በዚሁ ሥራ ከተጠመድን ብዙ ዘመን ስለ ሆነን፥ ስለ መንታ ከዋክብት የምናውቀውንና የደረሰብንን ለአንባቢ ብናካፍል ደስ ይለናል። ስለ ውጭ አገር ሰዎች ሥራ የምንጠቅሰው ዘመን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ ስለ ራሳችን የምንናገረው ግን እንደ አገራችን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

መንታ ኮከብ ማለት ለዓይን አንድ መስሎ የሚታይ፥ በቴሌስኮፕ ሲመለከቱት ግን ሁለት ሆኖ የሚገኝ ኮከብ ነው። ሁለቱ ከዋክብት ጎን ለጎን መታየታቸው ብቻ ዝምድናቸውን አያረጋግጥም። በአንድ መንገድ ላይ አንዱ መብራት ቅርብ፥ ሁለተኛው እጅግ ሩቅ ሆኖ ሳለ ከሩቅ ለሚያይ ሰው የተጣበቁ እንደሚመስሉ፥ አንዳንዶቹ መንቶችም እንዲሁ ባዕዳን ናቸው። ዊልያም ኸርሸል በ1770ዎቹ መጨረሻ መንታ ከዋክብትን መቊጠር ሲጀምር ሁሉም እንዲህ በአጋጣሚ የተጐራበቱ መስለውት፥ በነሱ አማካይነት የከዋክብትን ርቀት ለመለካት ነበር ያሰበው። ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ የመጀመሪያ ልኬቱን ካዲሱ ጋራ ቢያስተያይ፥ በጀውዛ ውስጥ ያለው ካስቶርና ሌሎችም ጥንዶች ቦታቸውን ለውጠው አገኘ። በ1803 ባሳተመው ጽሑፍም አንዱ በሌላው ስበት ተይዞ እንደሚዞር አስታወቀ። የፈለገውን ርቀት አላገኘም፤ ያልፈለገው ነገር ግን የኒውተን ሕግ ከፀሐያችን ግዛት ውጭም እንደሚሠራ አሳየ። ዛሬም ቢሆን የኮከብን ክብደት በቀጥታ ለማወቅ ከሁሉ የሚታመነው መንገድ የመንቶችን ዙረት መለካት ነው።

የኛ ቴሌስኮፕ በ2000 ዓ.ም. ከውጭ አገር የተመለሰ ወንድማችን ያመጣልን፥ የፊት ሌንሱ 80 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ትንሽ መሣሪያ ነው። በእንጦጦ ተራራ ላይ ከቆሙት ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ጋራ ቢነጻጸር መጫወቻ ሊባል ይችላል። የዚህ መጠን መሣሪያ አየሩ ሲረጋለት ሊለያያቸው የሚችለው ጥንዶች በመካከላቸው አንድ ሴኮንድ ተኩል ያህል ርቀት ያላቸውን ነው። ሴኮንድ ስንል የሰዓትን አይደለም። ክብ በ360 ዲግሪ፥ ዲግሪ በ60 ደቂቃ፥ ደቂቃ ደግሞ በ60 ሴኮንድ ይከፈላል። ስፋቱ 3 ሳንቲ ሜትር የሆነ የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ 6 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ቢቀመጥ የአንድ ሴኮንድ ስፋት ይኖረዋል። ይህን ለተማሪዎቻችን ስንነግር ይሥቃሉ፤ ቆርኪውን ማን እዚያ ያደርሰዋል ይላሉ።

መንታ ከዋክብት ለከተማ ሰው የሚመቹበት አንድ ምክንያት አለ። ደብዛዛ ጭጋግ የሚመስሉትን ሩቅ ነገሮች ለማየት የገጠር ጨለማ ያስፈልጋል። መንታው ግን ብዙ ጊዜ ደማቅ ስለ ሆነ የመንገድ መብራትም ጨረቃም አይከለክሉትም። የሚከለክለው ክረምት ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ቴሌስኮፑ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው የበጋ ሰማይ ግን ብዙ አገሮች የማያገኙትን ይሰጠናል። በአዲስ አበባ ላይ የሰሜን ኮከብ ወደ እንጦጦ በኩል 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ሲታይ፥ በግንቦት አጋማሽ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ አልፋ ሴንታውሪ በደቡብ 20 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይቆማል። ሁለቱም መንቶች ናቸው። የአውሮፓ ተመልካች የሁለተኛውን ስም በመጽሐፍ እንጂ በዓይኑ አያውቀውም።

በዚህ ሥራ ታሪክ ውስጥ እኛ ከሁሉ አብልጠን የምንወደው ሰው ሊቅ ተብሎ አልተጀመረም። ሸርበርን በርናም የሚባለው አሜሪካዊ በቺካጎ ከተማ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ቀን ቀን ዳኞችና ጠበቆች የሚናገሩትን በአጭር ጽሕፈት እየጻፈ፥ ማታ ማታ በግቢው በተከለው 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ቴሌስኮፕ ሰማይን ይመረምር ነበር። በ1873 ማንም ያላወቃቸውን 81 መንቶች ዝርዝር አወጣ። የሚገኙት ሁሉ ተገኝተዋል ተብሎ ይታሰብ በነበረበት ዘመን ይህ ታላቅ መደነቅን አመጣ። በኋላም በሊክ ኦብዘርቫቶሪ ጥቂት ዓመት ሠርቶ ወደ ፍርድ ቤት ሥራው ተመለሰ፤ በ1906 የታተመው መዝገቡም 13,665 መንቶችን ይዟል። በኛ አስተያየት የዚህ ሰው ምስጢር የዓይኑ ጥራት ብቻ አልነበረም። የሰማውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ መጻፍ የቀን ሙያው ስለ ነበረ፥ ያየውንም እንዲሁ ሳይጨምር ጽፏል ብለን እንገምታለን። መንታ ኮከብን የሚመለከት ሰው ትልቁ ፈተናው ሁለት ማየትን መፈለጉ ነውና።

እኛ በተለይ የተከታተልነው በሰንቡላ ውስጥ ያለውን ፖሪማ የሚባለውን ኮከብ ነው። ርቀቱ 38 የብርሃን ዓመት ገደማ ሲሆን፥ በብርሃን እኩያ የሆኑ ሁለት ከዋክብት እጅግ በተዘረጋ መንገድ በ169 ዓመት አንድ ጊዜ ይዞራሉ። እርስ በርሳቸው ሲቀራረቡ በትንሽ መሣሪያ አንድ ይሆናሉ። በ1836 የዊልያም ኸርሸል ልጅ ጆን ኸርሸል ኬፕታውን አጠገብ ሆኖ ሲመለከት አንድ ኮከብ ብቻ አየ። እንደ ገና የተቀራረቡት በ2005 ነው። የኛ ቴሌስኮፕ ቤታችን በገባበት በ2000 ዓ.ም. ሚያዝያ ፖሪማን ስናይ ጥቂት የረዘመ አንድ ነጥብ ነበር፤ በመዝገባችንም «አልተለየም» ብለን ጻፍን። በሚቀጥሉትም ሚያዝያዎች ይህንኑ ቃል ደጋገምን። በ2003 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፥ ነፋስ ባልነበረበት አንድ ሌሊት፥ በሁለቱ መካከል እንደ ጸጉር የቀጠነ ጨለማ ታየን። ወደ ቤት ገብተን ባለቤታችንን ከእንቅልፍ ቀሰቀስናት፤ እሷም ነጠላዋን ተከናንባ ወጥታ ካየች በኋላ «ሁለት ናቸው፤ ታዲያ ለዚህ ነው?» ብላ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እየሰፉ ሄደዋል። ዳግመኛ የሚቀራረቡት በ2174 ገደማ ስለ ሆነ፥ እኛ የምናየው የመለያየታቸውን ወራት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ደረሰብን ነገር እንምጣ። አልቢሬዎ የሚባል፥ አንዱ ወርቅማ፥ ሁለተኛው ሰማያዊ የሆነ፥ ውበቱ በሰፊው የታወቀ መንታ አለ። በመካከላቸው 34 ሴኮንድ ያህል ርቀት ስላለ ለጀማሪም አይቸግርም። እነዚህ ሁለቱ በእውነት ይዛመዳሉ ወይስ ባዕዳን ናቸው የሚለው ክርክር ገና አልተቋጨም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥቅምት ወር ይህን ኮከብ ስንመለከት ሰማያዊው አመድ መሰለን። አየሩን ወቀስን፤ ሌንሱን ጠረግን። በመጨረሻ በግራ ዓይናችን ብንመለከት ሰማያዊው እንደ ቀድሞው ሰማያዊ ነው። ያልተለወጠው ሰማይ፥ የተለወጠው የቀኝ ዓይናችን ነበር። ሐኪሙ መርምረው የዓይን ሞራ መጀመሩን ነገሩን። በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ እየቆየ ሲደፈርስ ቢጫ ይሆናል፤ ቢጫ መስታወት ደግሞ ሰማያዊ ብርሃንን ያስቀራል። ለአንድ አስተማሪ ነገሩ ግልጽ ፊዚክስ ነው። ቢሆንም ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም።

ፎቶግራፍ ወደ ቤታችን የገባው በዚህ ምክንያት ነው። መንታ ኮከብን ፎቶግራፍ ማንሣት ራሱ አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1857 በሃርቫርድ ኦብዘርቫቶሪ ሚዛርና ጎረቤቱ አልኮር በመስታወት ሰሌዳ ላይ ተነሥተዋል። የኮምፒውተር ትምህርት የተማረችው ልጃችን አውራ ጣት የምታህል ካሜራ በዓይን መመልከቻው ቦታ አስገብታ፥ ምስሉን የሚያጎላ ተጨማሪ ሌንስ ታክልበታለች። ከዚያም አንድ ረጅም ፎቶ በማንሣት ፈንታ እያንዳንዱ የሴኮንድ መቶኛ ብቻ የሚፈጅ አምስት ሺህ ያህል ፎቶ ታነሣለች። አየር ዘወትር እንደ ፈላ ውሃ ስለሚንቀጠቀጥ አብዛኛው ፎቶ የተበላሸ ነው፤ ነገር ግን በመካከሉ አየሩ ለቅጽበት ጸጥ ያለባቸው ይገኛሉ። ኮምፒውተሩ ከሃያው አንዱን፥ ከሁሉ የጠራውን መርጦ ይደራርባቸዋል። በቴሌስኮፕ አጠገብ ብዙ ሌሊት የቆመ ሰው ዓይንም የሚያደርገው ይህንኑ ነበር፤ መጥፎውን ሁሉ ችላ ብሎ ያችን አንዲት ጸጥታ ይጠብቃል።

ለመለካት የምትጠቀምበት ዘዴ ደግሞ እኛን ከሁሉ ይልቅ አስደስቶናል። ቴሌስኮፑን የሚያዞረውን ሞተር ታጠፋለች። ምድር ስለምትዞር ኮከቡ በሥዕሉ ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይፈስሳል፤ የሄደበት መስመር አቅጣጫውን ያስታውቃል። ፖሪማ ከሰማይ ወገብ አጠገብ ስለ ሆነ በአንድ የሰዓት ሴኮንድ 15 የማዕዘን ሴኮንድ ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ ርቀቱም በዚያው ይለካል። ለመስፈሪያነት ምድር ራሷ በቃች ማለት ነው። ባለፈው ሚያዝያ የፖሪማ ርቀት 3 ሴኮንድ ተኩል ገደማ ሆኖ ተገኘ። «አባባ፥ የእርስዎን የ2003 ዓ.ም. መዝገብ ይስጡኝና በአንድ ሥዕል ላይ ላድርገው» አለችን። አሁን በግድግዳችን ላይ የቀድሞዎቹ ነጥቦች በኛ እርሳስ፥ የኋለኞቹ በሷ ቀለም የተጻፉበት አንድ ቅስት አለ። ቅስቱ ከሙሉው መንገድ በጣም ጥቂቱ ነው።

ከ2013 እስከ 2025 የሠራችው ጋያ የምትባለው የአውሮፓ የጠፈር መንኲራኲር ከአንድ ቢሊዮን የሚበልጡ ከዋክብትን በማይታመን ትክክለኛነት ለክታለች፤ ታዲያ የእናንተ ድካም ለምን ይጠቅማል የሚሉን ወዳጆች አሉ። እጅግ ደማቅ የሆኑት ከዋክብት ለጋያ ያስቸግሯት እንደ ነበረና፥ የ169 ዓመት ዙረት በአሥራ ሁለት ዓመት እንደማያልቅ እንመልስላቸዋለን። ሙሉ እውነቱ ግን ይህ ብቻ አይደለም። ልኬቱን ልጃችን ከኛ አሻሽላ ስለ ያዘችው ለሳይንስ ስንል የቀኝ ዓይናችንን ማሳከም አያስፈልገንም ነበር።

ሆኖም ካሜራው ያልመለሰልን አንድ ጥያቄ አለ። የአልቢሬዎን ሥዕል ልጃችን ስታሳየን ሰማያዊው እጅግ ሰማያዊ ነው፤ ነገር ግን ካሜራ ቀለምን የሚሰጠው እንደ ታዘዘው ነው። ሰማያዊውን ከፍ አድርግ ቢሉት ከፍ ያደርጋል፥ ዝቅ አድርግ ቢሉት ዝቅ ያደርጋል። የማዕዘን ሴኮንድን በተመለከተ በፎቶው እንመሰክራለን፤ ስለ ቀለሙ ግን በሌላ ሰው ትእዛዝ ያየነውን አየን ለማለት አንደፍርም።

ሐኪሙ ኦፕራሲዮኑ አጭር መሆኑን፥ በየትኛውም ወር ቢሆን ልዩነት እንደሌለው አስረድተውናል። እኛ መስከረም እንዲሆንልን ለመንን፤ ምክንያቱን ስንነግራቸው ሥቀው ቀኑን ቈረጡልን። በጥቅምት አጋማሽ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ አልቢሬዎ ገና ከፍ ብሎ ይታያል። በቅድሚያ የምንመለከተው በቀኝ ዓይን ነው፤ ልጃችንም እስከዚያ ድረስ አዲስ ሥዕል እንዳታሳየን ነግረናታል።