«ዛሬ ነው መሰለኝ»

መኪና ባይኖራችሁም ይህን ድምፅ ታውቁታላችሁ። መናኸሪያው በር ላይ ቆማችሁ ሚኒባስ ስትጠብቁ፣ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ «ሲጥጥ» ይላል። የእኔም አሮጌ ቪትዝ ከፋሲካ በኋላ እንደዚያው መጮህ ጀመረች። አቧራ ነው ብዬ የመዝሙሩን ድምፅ ከፍ አደረግሁ።

በኋላ እንደተማርኩት ያ ጩኸት ብልሽት አይደለም። በብዙ የፍሬን ሸራዎች ላይ ትንሽ የብረት ምላስ አለች። አዲስ ሲሆን 10 ሚሊሜትር ያህል የሚወፍረው ሸራ ተበልቶ ወደ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ሲደርስ፣ ምላሷ ዲስኩን ትነካና ትጮኻለች። ሠሪው ሆን ብሎ ነው ያስቀመጣት፤ ሰው ሰምቶ እንዲቆም። እኔ አልቆምኩም። ከሳምንታት በኋላ ሲጥታው ቀረና ብረት ብረትን ሲፍቅ የሚሰማው ሻካራ ድምፅ ተተካ። ደመወዝ ስቀበል አሠራለሁ አልኩ። ደመወዙ መጣ፣ ሄደ።

በዚያው መኪና አራት መዘምራን ጭኜ ከሀገረ ሰላም ወደ ሐዋሳ ወረድኩ። ሀገረ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ይላል፤ ሐዋሳ 1,700 ገደማ ነው። አንድ ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ በፍሬን ብቻ ቢያዝ፣ የሚወጣው ሙቀት 30 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ልምድ ያላቸው ሾፌሮች ቁልቁለትን በከባድ ማርሽ የሚወርዱት ለዚህ ነው። እኔ ግን እግሬን ፍሬኑ ላይ ጭኜ እየዘመርኩ ነበር። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። አንድ ኩርባ ስንዞር ላሞች የሚነዳ ልጅ መንገዱ መሐል ነበር። ፔዳሉን ረገጥኩ፤ ከወትሮው ይልቅ ጠለቀ። ልጁ ዘወር ሲል ፊቱን በደንብ አየሁት። መኪናዋ ከመጨረሻዋ ላም አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመች። ከኋላ የተቀመጡት ሦስቱ ዜማቸውን እንኳ አላቋረጡም።

አራተኛው ከጎኔ ነበር። ጋራዥ ውስጥ ሙያ የሚለማመድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ እሁድ እሁድ አስተምረዋለሁ። ሐዋሳ ገብተን ሌሎቹን በየቤታቸው ካደረስን በኋላ ቀስ ብሎ፣

«ጋሼ፣ ይሄ ድምፅ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ።

«ዛሬ ነው መሰለኝ» አልኩት።

በማግስቱ መሣሪያውን ይዞ ግቢዬ መጣ። የእኛ ሰፈር አፈር ልል ስለሆነ ክሪኩ እንዳይሰምጥ ጣውላ አነጠፈለት፤ ተሽከርካሪዋን በክሪክ ብቻ አንጠልጥሎ እጅ ማስገባት ሞኝነት ነው ብሎ ከሥሯ የብረት መደገፊያ አቆመ። የግራውን ጎማ ፈታ። ካሊፐሩን አወለቀና በፍሬን ቱቦው እንዳይንጠለጠል በሽቦ አሰረው። ከዚያ ሸራውን አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። ሸራ የሚባል ነገር አልነበረበትም፤ ባዶ ብረት ነው። ዲስኩ ላይ ጥፍሬ የሚገባበት ጥልቅ መስመር ተቆፍሯል።

ልጁ መስመሩን በጣቱ ዳሰሰ። የአንድ ቀን ሥራ አለመሆኑን ከእኔ በላይ ያውቃል። ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ብሎን መፈለግ ጀመረ። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ወጪ ለመቀነስ ዲስኩን ቶርኖ ቤት ወስደን እናስተካክለው አልኩ። ዲስኩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አሳየኝ፤ ከዚያ በታች ከሳሳ ሙቀት አይችልም፣ የእኛ ደግሞ ሳይላጭም አልፎታል። ሁለት ዲስክና የሁለቱም የፊት ጎማዎች ሸራ ገዛን፤ በአንድ ወገን ብቻ መቀየር መኪናን ወደ ጎን ይጎትታል። (የኋላው ታምቡር ነው፤ ፈትሾ ደህና ነው አለ።)

የግራውን እሱ ሠራ። የቀኙን «እርስዎ ይሥሩት» ብሎ ጎኔ ቁጢጥ አለ። አቧራውን በአፌ እፍ ልል ስል ከለከለኝ፤ ሳንባ ይጎዳል፣ በእርጥብ ጨርቅ ነው የሚጠረገው። ፒስተኑን ወደ ኋላ ስገፋ የፍሬን ዘይቱ ሞልቶ እንዳይፈስ አስጠነቀቀኝ። ጨርሰን ሞተር ላስነሣ ስል፣ «መጀመሪያ ፔዳሉን ይርገጡት» አለ። ረገጥኩት፤ እስከ ወለሉ ወረደ። ላብ አጠመቀኝ። እሱ ሳቀ። ፒስተኑ ወደ ቦታው እስኪመለስ እንደዚያ ነው፤ ይህን ሳያደርጉ ከግቢ የወጡ ብዙ ናቸው አለኝ። ደጋግሜ ስረግጠው ጠነከረ።

«ዛሬ አልነበረም» አልኩት፣ እጄን በሳሙና እያሸሁ። «ከፋሲካ ጀምሮ ነው።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

የሦስቱ መዘምራን ወላጆች ግን አያውቁም። ልጆቻቸውን በምን ዓይነት መኪና እንዳወረድኩ አልነገርኳቸውም፤ ይህ መጽሔት ደግሞ በየቤታቸው ይገባል። ከእኔ ሳይሰሙ እንዳያነቡት፣ ከፊታችን ቅዳሜ ጀምሮ በየቤታቸው እሄዳለሁ። የመጀመሪያዋ እናት ቤት ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፤ በእግሬ ይደረሳል።